የጎደለችው ‹ላ›

ኮምቦልቻ፣ ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር፣
ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ በገጽ ሃያ ብር።
የጽሕፈት መኪናዬ ‹ላ›ዋን ከጣለች ቆየች፤
ጥርሷ እንደ ወለቀ ሴት ባዶውን ዘልላ ታልፋለች።
እኔ በእስክሪብቶ ተከትዬ እሞላለሁ፤
ሁሉን ብረሳ እንኳ ‹አላግባብ›ን እፈራለሁ፤
‹ላ› ከወደቀች ቃሉ ይገለበጣል፣
ተበዳይ በገዛ ወረቀቱ ‹አግባብ ነው› ብሎ ይፈርማል።

ሰኔ ገባ ሲል ነው፣ ቦርከና ደፍርሶ፣
ጦይባ ይማም መጣች፣ ቀሚሷ ጭቃ ለብሶ።
ዐሥራ አንድ ዓመት ፈትላ፣ ማሽን ቁጥር ዐሥራ አራት፤
ሥራው ለቀቃት እንጂ፣ ጥጡ ከሳሏ አልለቀቃት።

‹‹በምን አሰናበቱሽ?››
እግሯን ዘረጋችልኝ።
የጫማዋ ማሰሪያ ተበጥሶ
በነጭ ክር ተቋጥሯል፤ ቢለካ አንድ ክንድ አይሞላ።
‹‹ፍተሻ ላይ አዩብኝ፤ ሌባ ተባልኩ በክር፣
ከወለል ያነሣሁት፣ ተጠርጎ ሊጣል የነበር።››

‹‹ከዚያ በፊትስ?›› አልኳት፤
የሥራ ክርክር የሚጽፍ ይህን መጠየቅ ያውቃል፣
እውነቱ ከደብዳቤው ጥቂት ቀን ቀድሞ ይውላል።
‹‹ብናኙ ፈጀን፤ የአፍ መሸፈኛ ይሰጠን ብለን
አርባ ሁለት ሆነን ፈረምን፤
ወረቀቱን ቢሮ ያስገባሁት እኔ።››
‹‹መቼ?››
‹‹ማክሰኞ።››
‹‹ክሩስ?››
‹‹ዓርብ።››

ደብዳቤዋን አየሁ። መጋቢት አምስት። በጣቴ ቆጠርኩ፤
‹‹እስከ ዛሬ የት ነበርሽ?›› ብዬ ጮኽኩ።
ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ሰው ሦስት ወር ነው ያለው፣
ከዚያ ወዲያ በሩ ዝግ ነው፤ የቀራት ሁለት ቀን ነው።
‹‹ኃላፊው የባሌ ያጎት ልጅ፤ ሽማግሌ ላክንበት፤
ጾሙ ይለፍ አለን፣ ዒዱም አለፈበት...››
ሕግ ዘመድ አይጠብቅም።
ካርቦን ሸጎጥኩ፤ መኪናዬን ወረቀት አጎረስኳት።

መታሁ፦ ‹‹በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አልተሰጠኝም።
የተሰናበትኩት በፊርማው ነው እንጂ በክሩ አይደለም።
ስንብቱ አላግባብ ነው። ወደ ሥራዬ ልመለስ፤
ውዝፍ ደሞዜም ይታሰብ...››
‹‹ካሳስ?›› አልኳት ቀና ብዬ፤ ‹‹መመለሱ ካልሆነ?››
‹‹ዐሥራ አራትን ስጡኝ። ስትታመም ድምጿ ይቀየራል፤
አዲሷ ልጅ አታውቅም፣ ጣቷን ይቆርጣታል።››
ይህ የሚገባበት አንቀጽ ፈለግሁ። አጣሁ።
ሳልጽፈው ግን አልቀረሁም።

ሦስት ቅጂ። ሁለቱ ላይ ‹ላ›ን ሞላሁ፤
ዝናብ መጣ፤ ሦስተኛውን እንዲሁ ሰጠሁ።

በቀጠሮው ጠበቃው ከደሴ ወርዶ ቆመ፣
የሐረጎን ጉም በኮቱ እንደ ተሸከመ።
የፋብሪካውን ቅጂ አነሣ፤ ጮክ ብሎ አነበበ፦
‹‹‹ስንብቱ አግባብ ነው› ትላለች፣ ከሳሽ ራሷ!››
ችሎቱ ሳቀ።
እኔ ከኋላ ወንበር፣ ምነው መሬት በዋጠችኝ።

ጦይባ ተነሣች፤ አንድ ጫማዋን አወለቀች፤
ክሩን ወደ ዳኛዋ አዙራ ከጠረጴዛው ጠርዝ አኖረች።
‹‹ማንበብ ብዙም አይሆንልኝ። ግን እዚያ ክፍተት ካለ፣
ክፍተት ለፈታይ አዲስ አይደለም፤
ተበጥሶ ነው። ይቀጠላል።
የተበጠሰ ሁሉ አልነበረም አይባልም።››

ዳኛዋ አልሳቁም።
ዋናውን ቅጂ ገለጡ፤ የእጄን ‹ላ› በጣታቸው ነኩ።
‹‹ጫማው ከመዝገቡ ይያያዝ›› አሉ፤ ለሐምሌ ዐሥራ ሁለት ቀጠሩ።

ፍርዱን አትጠይቁኝ፤ ገና ነው።
ያን ቀን በአንድ እግር ጫማ ወጣች፣ ሌላውን መንግሥት ይዞባት፤
ባጃጅ ልጥራልሽ ብላት፣ ‹‹ቅርብ ነው›› አለችኝ።

እኔ ግን ከዚያ ወዲህ
‹ላ›ን አስቀድሜ በእስክሪብቶ እጽፋለሁ፤
የቀረውን ቃል በዙሪያዋ እመታለሁ።